ሁለት ሐይቅ የሰፋው አባቴ

አስጎብኚያችን ሀያት ደሴ ላይ ከሚኒባሱ በር አጠገብ ቆማ፣ እያንዳንዳችን ስንሳፈር በእጃችን አንጓ ላይ ቀይ ብጣሽ ጨርቅ ታስርልን ነበር፤ «እንዳንጠፋፋ ነው» እያለች። አሥራ አራት ጡረተኛ መምህራን ነን፤ ግማሻችንን ጉልበት፣ ግማሻችንን ወገብ ያመናል፤ ወዴት ሮጠን እንደምንጠፋ እሷ ናት የምታውቀው። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ለጡረተኛ ሐሙስም እሑድም ያው ስለሆነ መኪና በማይወደድበት ቀን ነው የተቀጣጠርነው። ብቻ እጄን ሰጠኋት፣ አሰረችልኝ፣ ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንጓዬን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አዲስ ጨርቅ ነው። ገና ውሃ ያልነካው፣ የጣቃው ድርቀት ያልለቀቀው፣ ከአንዱ ልብስ ሰፊ እግር ስር የተለቀመ መሆኑን የሚናገር ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት ጠረን ያለበት ቁራጭ። ከጎኔ የተቀመጠችው አስካለ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሂሳብ ስታስተምር የኖረች ጓደኛዬ፣ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ጨርቅ እኮ ነው ዘይነባ፤ ምን ይሸትሻል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። አባቴ ነው ብላት ቀኑን ሙሉ ሰው ስታስቅብኝ ትውላለች።

አባቴ እንድሪስ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። ቢጫው ሜትር ከአንገቱ አይወርድም፤ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሲሄድ እንኳ ይረሳውና በር ላይ ሰው ያወልቅለት ነበር። ስፌቱ ግን እንጀራው ነው እንጂ ፍቅሩ አልነበረም። ፍቅሩ እንግዳ ማስጎብኘት ነበር። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ እንግዳ የጫነ መኪና ከተማችን መጥቶ የቆመ እንደሆነ፣ ከመንገዱ ማዶ «አያ እንድሪስ፣ እንግዳ መጣልህ!» ብሎ የሚጣራ ሰው አይጠፋም፤ ያን ጊዜ አባቴ ግማሽ የተሰፋውን ሱሪ መርፌው ስር እንዳለ ትቶ፣ የኮቱን ክር እያራገፈ ይነሳል። የሱሪው ባለቤት እዚያው ቆሞ ከተገኘ እሱም ተከትሎ ይጎበኛል፤ ምን ያድርግ? በአባቴ የተነሳ አንድ እግሩ ብቻ በተሰፋ ሱሪ ምክንያት ከሰርግ የቀረ ሰው አለ ይባላል። ምንጩን ስላላገኘሁት አላረጋግጥም።

ይቺ «ምንጩን ስላላገኘሁት» የምትለዋ አባባሌ ናት ዕድሜዬን ሙሉ የተከተለችኝ። ታሪክ ነው ያስተማርኩት፤ መጀመሪያ ኮምቦልቻ፣ ኋላ ደሴ። አንድ ተማሪ ተነስቶ «እንደሚባለው» ብሎ ገና ሲጀምር «ማን አለ? የት አለ? ምንጭህ የታለ?» እያልኩ አፉን አስይዘዋለሁ። ከኋላዬ «ምንጩ የታለ መጣች» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር እንጂ አልተቆጣሁም። ጎበዝ መምህር ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም። የማፍርበት ሌላ ነው፤ ለአባቴ ሳልላት የቀረሁ አንዲት ቃል አለች፤ «አፉ በለኝ» የምትለዋ። ወሎ ውስጥ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው የሚለው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይላታል፤ ገበያ ውስጥ እግር የረገጠም፣ ወንድሙን ያስቀየመም ይላታል። ቀላል ቃል ናት፤ እኔ ግን ይኸው ፀጉሬ እስኪሸብት አፌ ውስጥ ይዣት ዞርኩ።

ሐይቅን በመስኮት እያየን አልፈን መጀመሪያ ውጫሌ ወጣን። ሀያት ድምፅ ማጉያዋን እያስጮኸች፣ ባጃጁና ገበያተኛው መንገዱን ሲዘጉብን ደግሞ እያቋረጠች፣ ስለ ውጫሌው ውል ነገረችን፤ ሁለቱ ቅጂዎች እንዴት እንዳልተስማሙ፣ ከዚያ ምን ምን መዘዝ እንደመጣ ጥንቅቅ አድርጋ አስረዳችን። ተማሪዬ ብትሆን ሙሉ ነጥብ እሰጣት ነበር። እኔ ግን የሷን እየሰማሁ የአባቴን ነበር የማስታውሰው። እሱ እዚህ ሲደርስ ታሪኩን ሁሉ ወደ ስፌት ነበር የሚወስደው። «ውሉን ሳይለኩ ቆረጡታ! አንደኛው ቅጂ እጅጌው አጠረ፣ አንደኛው ረዘመ፤ እንዲህ ያለ ልብስ ደንበኛ አምጥቶ ፊትህ ላይ ነው የሚወረውርልህ» ይል ነበር። የአምባሰልን ገደል በእጁ እያሳየ «ጠርዙን እዩት፣ አልተዘመዘመም» ይላል፤ ወደ ግሸን አቅጣጫ ዞሮ፣ የነገሥታት ልጆች ተራራው ላይ ታስረው ይኖሩ እንደነበር ከነገራቸው በኋላ፣ ማንም መጽሐፍ ያልጻፈውን አንድ ልብስ ሰፊ አብሯቸው ያስገባል፤ «ታዲያ ማን ያለብሳቸው ኖሯል? የንጉሥ ልጅ ራቁቱን አይታሰር!» እንግዶቹ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም። እኔ ከኮቱ ጫፍ ተንጠልጥዬ፣ ከዓለም ሁሉ አዋቂው ሰው አባቴ እንደሆነ በሙሉ ልቤ አምን ነበር።

ከውጫሌ ተመልሰን ሐይቅ ዳር የተጠበሰ አሳ በላን፤ አስካለ አጥንቱን እየለቀመች ዋጋው እንደተወደደ አሰላችልን። ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም፤ ወንዶቹ ጫማቸውን እያወለቁ ሲገቡ እኛ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ አልን። ይህን ጥላ አውቀዋለሁ። አባቴ እንግዶቹን እዚህ ድረስ ያመጣና፣ ወንዶቹን ለመነኩሴው አስረክቦ፣ እሱ ከሴቶቹ ጋር ይቀር ነበር። መነኩሴው ወዳጁ ናቸው፤ ቢጫ ቀሚሳቸውን የሚጥፈው አባቴ ነው፤ «እንድሪስ፣ አንተ እኮ መግባት ትችላለህ» ይሉታል ሁልጊዜ፤ እሱም «አባ፣ እነዚህን ለማን ጥዬ?» ይላቸዋል። ከዚያ ለሴቶቹ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ፣ ጽዋውን፣ የቆዳ ልብሱን በእጁ አየር ላይ እየሣለ ሲነግራቸው፣ ወንዶቹ ተመልሰው መጥተው ያዩትን ሲያወሩ የሴቶቹ ወሬ ይበልጥ ነበር። ውሃው ከደንገሉ ጋር ሲንሾካሾክ፣ ይብራ ሲጮህ፣ የአባቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማኛል። ዛሬ ጥላው ስር አሥር ደቂቃ ተቀመጥን፤ አብዛኞቻችን ስልካችንን ስናይ አለቀ።

«አሁን ደግሞ ወደ አርዲቦ!» አለች ሀያት። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ከኮረብታዎቹ ጀርባ የተኛ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ በክረምት ሲሞላ ውሃው በወንዝ ወርዶ ወደ ታችኛው ይገባል። ፕሮግራሙ ላይ አርዲቦ ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ በየት በኩል እንደምንወጣ ግን አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ ፈርቼ ነው ብል ይሻላል።

እናቴ የሞተችው ሰባት ዓመቴ ላይ ነው። ስለሷ ብዙ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ከሞተች በኋላ አባቴ ፀጉሬን ሊሠራኝ ሲሞክር ነው፤ ሸሚዝ የሚለካ ይመስል ሜትሩን ጭንቅላቴ ላይ ሲዘረጋ። ሳይሆንለት ሲቀር፣ ጎረቤትም ሲመክረው፣ አርዲቦ ዳር ያለች አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ እንድታሳድገኝ ተስማማ። አንድ ቀን ጠዋት ልብሴን በጣቃ መጠቅለያ ጠቅልሎ፣ እጄን ይዞ በእግር ወጣን። መሄዴን እንጂ መቅረቴን አላወቅሁም ነበር። መንገዱ ግማሽ ላይ፣ ከወንዙ ዳር፣ አንድ ረጅም ቀጭን ድንጋይ ቆሞ አለ፤ ጫፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። እዚያ ስንደርስ «ማታ አብረን እንመለሳለን አይደል?» አልኩት። ዝም አለ። አባቴ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ገባኝና ድንጋዩን በሁለት እጄ አቅፌ፣ አልሄድም፣ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ መሬት ተቀመጥኩ።

ብዙ አለቀስኩ። ማሽላ የሚጠብቁ ሰዎች ከማማቸው ወርደው እስኪያዩን ድረስ ነው ያለቀስኩት። አባቴ አልጎተተኝም፣ አልተቆጣኝም። አጠገቤ ተቀመጠና «አብሽሪ ዘይኔ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። «ያቀፍሻት ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ? መርፌ ናት።» ቀና ብዬ አየሁ፤ ወላሂ መርፌ ትመስላለች። ከዚያ ነገረኝ። ጥንት አርዲቦና ሐይቅ አንድ ጨርቅ ነበሩ፤ አንድ ቀን መሬት ስትናወጥ ተቀደዱና ልጅቷ ላይኛው ላይ፣ አባቷ ታችኛው ላይ ቀሩ። አባትየው ልብስ ሰፊ ነበር፤ መቼም የሱ ተረት ያለ ልብስ ሰፊ አይሄድም። ልጅቷ ያባቷ መርፌ እጇ ላይ ቀርቶ ነበርና፣ ውሃውን እንደ ክር አጠንጥና፣ በቀዳዳው አስገብታ፣ ሁለቱን ሐይቆች ጠቅማ ሰፋቻቸው። ወንዙ ክሩ ነው። ሲደክማት መርፌዋን እዚህ ተክላ ተኛች። «ስለዚህ አልተለያዩም» አለኝ፣ «እሷ ዘንድ ያለው ውሃ ነው እሱ ዘንድ የሚደርሰው። አንቺና እኔም እንደዚያው ነን።» ከኪሱ በክር የታሰረ ብጣሽ ጨርቅ አወጣ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለው፣ መስመር ያለው። ቀዩን ፈትቶ ሰጠኝ። «በየዓርቡ መጥቼ አንድ አንድ እሰጥሻለሁ፤ በየሐሙሱ ውሃው ላይ ጣይልኝ። ይደርሰኛል።»

እኔም ጣልኩ። በየሐሙሱ ወንዙ ከሐይቁ ከሚወጣበት ቦታ ወርጄ፣ ቁራጬን ለቅቄ፣ ታጥፎ እስኪሰወር አየዋለሁ። በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አባቴ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ይመጣል፤ ገና ከሩቅ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ያውለበልባል፤ እጁ ላይ ያው የጣልኩት ጨርቅ፣ ውሃ እያንጠባጠበ። «ደረሰኝ!» ይላል። አጃኢብ! ያን «ደረሰኝ» ለመስማት ከአክስቴ ቤት በር ላይ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ያ መንገድ፣ ያ ዳገት፣ ያ የጥቁር ኮት ጫፍ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። አንድም ሐሙስ የጣልኩት ሳይደርሰው ቀርቶ አያውቅም፣ ወንዙ በደረቀበት ወር እንኳ። ያኔ ይህ አላስጠረጠረኝም፤ እንግዲህ ሞኝነቴን እዩልኝ።

አባቴ ዘንድ ሐይቅ ተመልሼ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ቁልፍ ስፈልግ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አገኘሁ። ውስጡ ብጣሽ ጨርቅ ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በክር ታስሯል፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት አበባ፣ ሁለት መስመር። ከያንዳንዱ ሁለት ቆርጦ አንዱን ለኔ ይሰጥ፣ አንዱን ለራሱ ያስቀር ነበር፤ ዓርብ ዓርብ እመንገድ ላይ ውሃ ነክሮ ያመጣዋል። የተረፉት ጥንዶች ገና ሳይሰጠኝ የተመለስኩባቸው ነበሩ። አላለቀስኩም። እንዲያውም ኮራሁ፤ ማስረጃ አግኝቼ፣ አመሳክሬ፣ ውሸት ይዤ። የመጀመሪያው የታሪክ ጥናቴ ይኸው ነበር፤ ሣጥኑን መልሼ ዘጋሁና ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ብቀር ኖሮ!

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ስሆን ክፍላችን ለታሪክ ጉብኝት ሐይቅ መጣ። ማን ያስጎብኛቸው? አባቴ ነዋ። ሳምንት ሙሉ አልተኛም፤ ለዚያ ቀን ብሎ ቡናማ ኮት ለራሱ ሰፋ፤ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲሰፋ ኖሮ ለራሱ አዲስ ኮት ሲሰፋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሜትሩን እንኳ አስታውሶ ቤት ትቶት መጣ። ገዳሙን አሳየ፣ አምባሰልን ከሩቅ አሳየ፣ ተማሪዎቹ ወደዱት። ከዚያ ወደ አርዲቦ እያወጣን ያ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ቆመ። ለእንግዳ ሁሉ የሚነግረው ታሪክ ሆኖ ነበርና፣ «ከአባቶቻችን እንደሰማነው» ብሎ ጀመረ። ልጅቷን፣ መርፌዋን፣ ክሩን። መምህራችን በትሕትና «የዚህ ታሪክ ምንጩ ምን ይሆን?» ብለው ጠየቁ። አባቴ «አባቶች ናቸው» አለ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ልጅ ሳቀ። ያ ልጅ ባይስቅ፣ ወይም የሳቀው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ዝም እል ነበር መሰለኝ፤ ያን ልጅ ግን እወደው ነበር፤ የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኔን ገና አልነገርኩትም።

«አባባ፣ ተው እባክህ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ማንም አባት አልነገረህም። እኔ ሳለቅስ አንተው የፈጠርከው ነው።» ወደ ልጆቹ ዞርኩ። «እሱ ልብስ ሰፊ ነው፣ የታሪክ ሰው አይደለም።»

ሳቁ። መምህራችን አልሳቁም፣ ሌላው ግን ሳቀ። አባቴ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፤ ሜትሩን ሊይዝ ነው፤ ሜትሩ የለም። እጁ ባዶ ደረቱ ላይ ቀረ። «እውነቷን ነው» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ልጄ ተምራለች። አፉ በሉኝ።» የአፉታ ዕዳ የኔ ሆኖ ሳለ ጠያቂው እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ግን እንግዳ ሲመጣ «ይህ ሐይቅ ነው፣ ያ አርዲቦ ነው፣ ያ አምባሰል ነው» ብሎ ያቆማል አሉ። ቆይቶ ደግሞ ጨርሶ መነሣት ተወ። ከመንገዱ ማዶ «አያ እንድሪስ፣ እንግዳ!» ሲሉት፣ ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል «ሱሪው ይለቅ» ይላል። ሐይቅ ውስጥ ሱሪ በቀጠሮው ቀን መድረስ ጀመረ፤ ደንበኛው ሁሉ ተደሰተ። እኔ ለዒድ እመጣለሁ፣ በልቼ፣ ተኝቼ፣ በነጋታው እመለሳለሁ። እያንዳንዱን ጊዜ ዛሬ እለዋለሁ ብዬ ነው ከደሴ የምነሳው። ደርሼ ፊቱን ሳይ፣ እሱ «ሥራ እንዴት ነው ዘይኔ?» ሲለኝ፣ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ያው እናልፈዋለን። የሞተ ዕለት መርዶው ማለዳ ደረሰኝ፤ መኪና አግኝቼ ስደርስ ግን በኛ ደንብ ሬሳ አይቆይምና ቀብረውት ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። ለአፈር ምን ይሉታል?

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣና ቆመ። «ውረዱ፣ አንድ የምታዩት ነገር አለ» አለች ሀያት። ወረድን። ድንጋዩ እዚያው ቆሟል። እኔ አጠርኩ መሰለኝ እንጂ እሱ አላጠረም። ማሽላው አሁንም እስከ ጥጉ ድረስ ነው፤ ወንዙ ግን በየማሳው የውሃ መሳቢያ ሞተር ተደቅኖበት፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየፈለገ የሚሄድ ቀጭን ሆኗል። ሀያት ድምፅ ማጉያዋን አጥፍታ፣ እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈችና «ይቺ የመርፌ ድንጋይ ትባላለች» አለች። ጆሮዬን አላመንኩም።

ነገረችን። አንዱን ጨርቅ፣ መቀደዱን፣ ልጅቷን፣ ልብስ ሰፊውን አባት። ቃል በቃል ነው የምላችሁ፤ «አጠንጥና» ያለበት ቦታ ሁሉ አልተለወጠም። ጓደኞቼ አንዳንዱ በስልክ ይቀርጻል፣ አንዱ በደብተሩ ይጽፋል። እኔ መርፌዋን ተክላ ተኛች የሚለው ጋ ሲደርስ አለቀ ብዬ እንባዬን ልጠርግ ዞር አልኩ። አላለቀም።

«ከዚያ ልጅቷ አደገች» አለች ሀያት። «ሩቅ አገር ሄዳ ተማረች፣ አዋቂ ሆና ተመለሰች። ሰው በተሰበሰበበት ለአባቷ፣ ‹ይህ እኮ ስፌት አይደለም፤ መሬቱ ቁልቁል ስለሆነ የሚወርድ ውሃ ነው› አለችው። አባትየው አልተቆጣም። ‹ልክ ነሽ ልጄ› አላት። ሰዎቹ ግን፣ ‹እንግዲህ ስፌት ካልሆነ ምን ያደርግልሃል? መርፌውን ንቀለው!› አሉት። እምቢ አለ። ‹ይቆይ› አላቸው። ‹ክሩ ላልቶ ልጄ የተመለሰች ቀን ትጠቅምበታለች።› መርፌው ይኸው እስከ ዛሬ ቆሞ ይጠብቃታል።»

ይህን ጫፍ አላውቀውም። አባቴ ለኔ የነገረኝ ላይ የለም፤ ለክፍል ጓደኞቼ የነገራቸው ላይም የለም። ከዚያ ቀን በኋላ የጨመረው ነው። እንግዳ ማስጎብኘት ትቷል ሲሉኝ፣ ብቻውን እዚህ ዳገት እየወጣ፣ ለገበያተኛውና ለማሽላ ጠባቂው ይነግር ኖሯል ማለት ነው። ድንጋዩን ያዝኩ። ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ አፌ በራሱ «ምንጭሽ ማነው?» አለ፤ ጓደኞቼ ሳቁ፣ ጠብቀውት ነበራ። ሀያት ግራ ገባት። «ኧረ እትዬ፣ የጥንት እኮ ነው! አያቴ ናት የነገረችኝ፤ የአርዲቦ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማን እንደጀመረውማ ማን ያውቃል?»

አስካለ አላሳለፈችውም። «ታዲያ እዚህ የዚህ አገር ልጅ የሆነች የታሪክ መምህር ይዘን ምን አስጨነቀን? በይ ዘይነባ፣ ፍረጂ፤ እውነት ነው ውሸት?» ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሀያትም አየችኝ፤ እጇ ከድንጋዩ ወርዶ በአንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መታወቂያ ያዘ። ያን እጅ አውቀዋለሁ።

«እውነት ነው» አልኩ።

«ምንጩስ?» አለች አስካለ እየሳቀች።

«ምንጩ እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። ሀያትም ትንፋሿን ለቀቀችና አብራ ሳቀች፤ መሳቋ ደስ አለኝ። ሌሎቹ ፎቶ ሊነሱ ድንጋዩን ሲከቡ እኔ ወደ ወንዙ ወረድኩ፤ የእጄን ቀይ ጨርቅ በጥርሴ ፈትቼ ውሃው ላይ ለቀቅሁት። ጥቂት ሄዶ ድንጋይ ያዘው። ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤ እያመመኝ፣ በጃንጥላዬ ጫፍ ገፋሁት። «አባባ፣ አፉ በለኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ያን ቀንም ጮክ ብዬ ነበርና። ጨርቁ ዞረ፣ ተገለበጠ፣ ቁልቁል ወደ ሐይቅ አቅጣጫ ሄደና ሸምበቆው ውስጥ ተሰወረብኝ። መኪናው በር ላይ ሀያት እየቆጠረች ስታሳፍረን ባዶ አንጓዬን አየች። «እትዬ፣ ጨርቅዎ የታለ?» ወደ ታች ልኬዋለሁ አልኳት።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሰው ከጁምዓ ሲመለስ፣ ደሴ፣ ቤቴ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ «ሰው ትጠብቂያለሽ እንዴ ቲቸር?» እያሉ አለፉ። ፀሐይ ከበሩ ላይ እስክትነሳ ድረስ ተቀመጥኩ። ደረሰኝ ብሎ የመጣ የለም።